አውሮፕላን አይደለም፣ ባቡር ነው

እህቴ፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ሌላውን ሰላምታ እናቆየውና ወደ ድምፅ መልእክትሽ ልግባ። «ለስብሰባ ሲሆን አገር ታቋርጣለህ፣ ለእኔ ሠርግ ሲሆን ግን አይመችህም» ያልሽውን ደጋግሜ ሰማሁት። መጀመሪያ ተናደድኩ። መጨረሻው ላይ ድምፅሽ ሰበር ሲል ግን ንዴቴ ጠፋ።

ያናደደሽ የስብሰባው ፎቶ ነው። ሱፍ ለብሼ፣ ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እየሳቅኩ። አይፈረድብሽም። ሱፉ ግን የጓደኛዬ ነው። እጄን ኪሴ የከተትኩት እጅጌው ስለረዘመብኝ ነው።

በአውሮፕላንም አልሄድኩም። ቪየና የሄድኩት በባቡር ነው። ከጀርመን ኦስትሪያ ለመሄድ ቪዛ አልጠየቅም፤ የመኖሪያ ፈቃዴና ያ ሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነዴ ይበቃሉ። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሌሎቹ የሸንገን አገሮች (በጋራ ቪዛ የሚሠሩት የአውሮፓ አገሮች) መቆየት እችላለሁ። ሰነዱ የሚሰጠው በፈረንጆቹ 1951 የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት መሠረት ነው። ውስጡ አንድ መስመር አለች፤ ከተሰደድኩበት አገር በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል ትላለች። አየሽ፣ የተዘጋብኝ እናንተ ያላችሁበት ብቻ ነው። መስመሯን የጻፍኳት እኔ አይደለሁም። መንገዱ እንዲከፈትልኝ የጀርመን ዜግነት አመልክቻለሁ። በፈረንጆቹ 2024 የወጣው ሕግ እዚህ የመኖሩን ግዴታ ከስምንት ዓመት ወደ አምስት አውርዶታል፣ ወረፋው ግን ያው ወረፋ ነው። ስለዚህ «አይመችህም» አትበይኝ፣ በእናትሽ።

የዚህ ወር ገንዘብ ያነሰውም በዚሁ ስብሰባ ነው። ምዝገባውን የምሠራበት ሆስፒታል ቻለልኝ፣ ማደሪያው ግን በእኔ ነበር። በሚቀጥለው ወር አስተካክላለሁ።

የሄድኩበት የአውሮፓ የራዲዮሎጂ (የራጅ ሕክምና) ኮንግረስ በየዓመቱ የሚካሄደው ቪየና ነው። አዳራሹ ከተባበሩት መንግሥታት ሕንፃዎች አጠገብ ነው። ሐኪሙ፣ የፊዚክስ ሰው፣ እንደ እኔ ያለው የራጅ ባለሙያ፣ ሁሉም እዚያ ይተራመሳል። እኔ ጥቂት ደቂቃ እንድናገር ተሰጥቶኝ ነበር። ጀርመንኛውን ለምጄ እንግሊዝኛዬ ዝጓል፤ ሌሊቱን መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ስለፈልፍ አነጋሁ። ተራዬ ሲደርስ ሰብሳቢዋ የጠራችኝ በአባባ ስም ነው። እዚህ ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው፣ የእኔ ደግሞ የአባባ ስም ነው፤ ለምጄዋለሁ። ያን ቀን ግን በዚያ ትልቅ አዳራሽ በማይክሮፎን ስሰማው ጉሮሮዬ ተዘጋ። አባባ ኖሮ ቢሰማው!

የተናገርኩት እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት ስለሚሠራው ሽርጥ ነው። ድሮ ራጅ የሚነሳ ሰው ከጨረር እንዲከለል ከወገቡ በታች ይለብሰው ነበር። ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ ግን የሙያ ማኅበራት አያስፈልግም ማለት ጀምረዋል። የዛሬ ማሽኖች ጨረር ትንሽ ነው፤ ሽርጡ ደግሞ መታየት ያለበትን ሊጋርድ፣ ማሽኑንም አሳስቶ ጨረር ሊያስጨምር ይችላል። ይህን ለበሽተኛ ማስረዳት ነው ጣጣው። ሽርጡን ስትነፍጊው ሰውየው የጨከንሽበት ይመስለዋል።

ይህቺን ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እማዬ፣ የጉልበትሽን ራጅ እምቢ ብለሽ ከሐኪሙ ቤት መመለስሽን ሰምቻለሁ። ጨረሩ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በአንድ ቀን ከምድርና ከሰማይ ከሚያገኝሽ ያነሰ ነው። ልጅሽ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እኔን ካመንሽ ሄደሽ ተነሺ።

የሚቀጥለውን ግን አታንብቢላት። ስመለስ ድንበር ላይ ፖሊሶች ባቡሩ ውስጥ ገቡ። የሌላውን መታወቂያ ገረፍ አድርገው አልፈው የእኔን ሰነድ አገላብጠው አገላብጠው አዩት። ምንም አልሆንኩም። ባጁን ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሻንጣዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በእረፍት ሰዓትም ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ተቧድኖ ሲያወራ እኔ ስልክ ቻርጅ የማደርግ መስዬ ግድግዳ ሥር እቆም ነበር። ለማን ደውዬ «ተናገርኩ እኮ» ልበል? እናንተ ዘንድ መሽቶ ነበር።

የፊዚክስ ሊቁ ሮንትገን ራጅን ያገኘው በፈረንጆቹ 1895 እዚሁ ጀርመን፣ ቩርዝቡርግ ነው። ወሬውን ግን መጀመሪያ ያወጣው የቪየና ጋዜጣ ነው፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 5 ቀን 1896። በጣም የታወቀው የመጀመሪያ ፎቶው የሚስቱ እጅ ነው፤ አጥንቶቿና አንድ ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት ጥቁር ሆኖ ይታያል። ያንን ፎቶ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ሳየው የሚታየኝ የአንቺ ጣት ሆኗል። ቀለበቱን ገዛችሁ? ልክሽን አስለኪ፣ በግምት እንዳይገዛ። ልጁን በቪዲዮ ሳወራው ደስ ብሎኛል፤ ትንሽ ዓይን አፋር ነው እንጂ ሳቁ የሰው ነው። እስኪ ደግሞ ለብቻው ያነጋግረኝ፣ የምለው አለኝ። አትፍሪ፣ አላስፈራራውም።

ደግሞ ቀኑን ቶሎ ቁረጡልኝ። እዚህ የተረኛ ዝርዝር የሚወጣው ቀደም ብሎ ነው። ያን ቀን ፈቃድ ወስጄ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ላይ ነኝ። ስልኩን የሚይዘውን ሰው ከአሁኑ ምረጪ፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ዳንስ የማይወድ ይሁን።

ወንድምሽ