ቲኬት ቆራጩን ሳይ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬን ይሳሙልኝ።

ይህ በስልክ አውርቼው የሚወጣልኝ ስላልሆነ ነው የጻፍኩልዎ። እሁድ ዕለት እዚህ ለንደን፣ ኪንግስተን በሚባለው ሰፈር አሮጌ አውቶቡሶች መጥተው ሰውን በነፃ ሲያመላልሱ ዋሉ። እኔ የተሳፈርኩት አርቲ የሚሉት ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ይህ ዓይነት አውቶቡስ በ1939 ሥራ ጀምሮ (በፈረንጁ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) ከለንደን መንገድ የወጣው በ1979 ነው። ከኋላ በር የለውም፣ ክፍት ነው። ሾፌሩ ከፊት በጠባብ ክፍል ብቻውን ይቀመጣል።

ቲኬት ቆራጭ አለው፣ አባባ! ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የብረት ማሽን እጀታ ሲያዞሩት ቲኬቱ ተስቦ ይወጣል። ደወሉ አንዴ ከጮኸ ቁም፣ ሁለቴ ከሆነ ሂድ፣ ሦስቴ ከሆነ ሞልቷል ማለት ነው። እርስዎ አንበሳ ላይ ሆነው «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲሉ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከ2014 ወዲህ እዚህ አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። እንደመጣሁ ሳንቲም ቆጥሬ ሰጥቼ፣ ሾፌሩ በእጁ ውረድ ብሎኝ በዝናብ በእግሬ ሄጃለሁ። ያን ጊዜ አልነገርኩዎትም። አውቶቡሱን እንዲህ አሽተው፣ ቀብተው አኑረውታል፤ ቲኬት ቆራጩን ግን አሰናብተውት በበዓል ብቻ ይጠሩታል።

አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት መንገዱን በጣታቸው እያሳዩ ያጫውቱኝ ነበር። እዚህ ላይ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ አውቶቡስ ነበር፣ በ1962 ግንቦት ነው የቀረው አሉኝ። ዛሬ እግረኛ ብቻ የሚሄድበትን ክላረንስ ጎዳናንም መኪና ሞልቶት ያውቁታል። ወርጄ ስሄድ ደግሞ 12 ቀይ የስልክ ቤቶች እንደ ሰካራም አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው አየሁ። ከ1989 ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ አደጋ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሥነ ጥበብ ነው።

ቲኬቱን ፖስታው ውስጥ አድርጌልዎታለሁ። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ አንበሳ ላይ «ሞልቷል» ለማለት ስንቴ ነበር የምትደውሉት? ወይስ አንበሳ ሞልቶ አያውቅም?

ልጅዎ