ከቱሉ ዲምቱ ለጓደኛዬ

እንዴት ነሽልኝ? ጠፋሁብሽ አይደል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ኮንዶሚኒየሙ ደርሶን ቱሉ ዲምቱ ገብተናል። ንፋሱ ጉድ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በረንዳው ጀሪካን በጀሪካን ሆኗል። የታክሲውን ሰልፍ ተዪው።

የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ነው። ሊጋንድሽ፣ ያ ሜታሉን የሚይዘው ሞለኪውል፣ ውሃ ውስጥ አልሟሟ ብሎሽ ኤታኖል ልትቀላቅዪበት እንደሆነ እህትሽ ነገረችኝ። ሳትጠይቂኝ ልምከርሽ፤ አመሌን ታውቂዋለሽ። የምታገኚውን የስታቢሊቲ ኮንስታንት (ሊጋንዱ ሜታሉን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ የሚናገረውን ቁጥር) በንጹህ ውሃ ከተለካው ሰንጠረዥ ጋር ዝም ብለሽ እንዳታወዳድሪው።

18-ክራውን-6ን አስታወስሽው? እ.ኤ.አ. በ1987 ኬሚስቱ ፔደርሰን ኖቤል ከተጋራባቸው ክራውን ኢተሮች፣ ቀለበት መሰል ሞለኪውሎች፣ አንዱ ነው። ከፖታሺየም ጋር ተያይዞ የሚሠራው ኮምፕሌክስ ሎግ ኬው (የስታቢሊቲ ኮንስታንቱ ሎጋሪዝም) ውሃ ውስጥ 2 ገደማ ነው። ሜታኖል ውስጥ 6 ገደማ ይሆናል። ያው ሜታል፣ ያው ሊጋንድ፣ ልዩነቱ 10,000 እጥፍ! ውሃው ሠርግ ቤት በር ላይ ሙሽራውን እንደሚያጉላሉት የሙሽሪት ዘመዶች ነው፤ ፖታሺየሙን ከቦ ሊጋንዱን ቶሎ አያስገባም። ሜታኖል ያን ያህል አይከላከልም።

ያንቺ ሊጋንድ ቻርጅ ካለው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የውሃ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (የቻርጆችን መሳሳብ የማላላት አቅሙ) 78 ነው፣ የኤታኖል 24። ኤታኖሉ በበዛ ቁጥር ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ ኮምፕሌክሱም ብዙውን ጊዜ ይጠነክራል። ግን በዳይኤሌክትሪክ ብቻ የሚያስረዱትን አትመኚያቸው። ዲኤምኤስኦ የሚባለው ማሟሚያ ከውሃ ያነሰ ዳይኤሌክትሪክ አለው፤ ሆኖም ኤሌክትሮን ለመስጠት ስለማይሰስት ራሱ ሜታሉ ላይ ተለጥፎ ከሊጋንዱ ጋር ይሻማል።

እኔን ያስገረመኝ ድብልቁ ነው። ግማሽ በግማሽ ቀላቅለሽ የሁለቱን አማካይ አትጠብቂ። ሜታሉ ይመርጣል። የብር አዮን ውሃና አሴቶናይትራይል የሚባል ማሟሚያ በተቀላቀሉበት ውስጥ ሲገባ አሴቶናይትራይሉ ጥቂት ቢሆንም ዙሪያውን እሱን ይሰበስባል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ፐርሰንትና ሜታሉ አጠገብ ያለው ፐርሰንት አንድ አይደለም። ኮባልት ክሎራይድን በኤታኖል አሟሙተሽ ሰማያዊውን ካየሽ በኋላ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊበት። ወደ ሮዝ ይሄድልሻል። ክሎራይዱን ውሃው ተክቶት ነው።

ፒኤች ሜትሩንም ተጠንቀቂው። በውሃ በፈር (ፒኤቹ በሚታወቅ ፈሳሽ) ካስተካከልሽው በኋላ ድብልቅ ውስጥ የሚያሳይሽ ቁጥር እውነተኛው ፒኤች አይደለም። አሲዱም ይለወጣል፤ የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ (ከፍ ባለ ቁጥር አሲዱ ፕሮቶኑን አጥብቆ ይይዛል) ውሃ ውስጥ 4.76 ነው፣ ንጹህ ኤታኖል ውስጥ 10 አካባቢ። ሊጋንድሽ ፕሮቶኑን አልለቅም ካለ ሜታሉን በምኑ ይይዛል? ስለዚህ ፒኬኤውንም በዚያው ድብልቅ፣ በዚያው አዮኒክ ስትሬንግዝ (የአዮኖች መጠን)፣ በዚያው ሙቀት ራስሽ ለኪው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። አማካሪሽ ቢቸኩልም አትስሚው።

ሜታልሽ ኮፐር ነው ኒኬል? ኤታኖሉስ ስንት ፐርሰንት ነው? ጻፊልኝ። አዲስ አበባ ስትመጪ እኛ ጋ ነው የምታድሪው፤ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ያንቺው