የሺዬ፣ አንድ ነገር ቅጂልኝ

የሺዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

አራት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለቸገረኝ ነው። አልዋሽሽም። እናትሽ ሲያርፉ መደወል ነበረብኝ። ስንቴ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። አሁንም ቃል የለኝም፤ አፉ በይኝ። ተሳድበሽ ሲበቃሽ ግን ስሚኝ። ስድብሽም ናፍቆኛል።

ነገሩ የሐያት ነው። 15 ዓመት ሞላት፣ ታምኛለሽ? ለትምህርት ቤት ሥራ የሚናራውን ሕዝበ ውሳኔ መረጠች። ያኔ እርጉዝ ሆኜ እያለቀስኩ የነገርኩሽን፣ የኖቬምበር 2009ኙን። ስዊዞች ሚናራ እንዳይሠራ በ57.5 በመቶ ድምፅ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገቡ። በአገሩ የነበረው ሚናራ አራት ብቻ! ከአራቱም አዛን አይሰማም። ሙስሊሙ ወደ 400 ሺህ ነበር፣ አብዛኛው ከባልካንና ከቱርክ የመጣ። በባንዲራቸው ላይ ጥቋቁር ሚናራዎች እንደ ሚሳይል የቆሙበትን ፖስተር ባዝልና ሎዛን ከለከሉት፤ ዙሪክ ፈቀደች። እኔ ሆዴን ይዤ በየቀኑ በሥሩ አልፍ ነበር።

ሐያት ውጤቱን ስታገላብጥ አንድ ነገር አገኘች። ሙስሊም እምብዛም የማይታይበት የአፐንዜል ኢነርሮደን ካንቶን እገዳውን 71 በመቶ ደግፏል። ሚናራ ያላት ጄኔቭ እምቢ ብላለች። «የማያውቁትን ነው የፈሩት» ብላ ደስ አላት። ከዚያ ምድር ቤት ያሉትን ጎረቤታችንን ልትጠይቅ ወረደች። ከስድስት ወሯ ጀምሮ የያዙልኝን ሴትዮ፣ «ግሮሲ» የምትላቸውን፣ አያቴ ማለት ነው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ደግፌ ነው የመረጥኩት» አሏት። የተዳሩበት የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ባዶ ሆኗል። ልጆቻቸው አይሄዱም። «የማውቀው ሁሉ በእኔ ዕድሜ ሊለወጥ ነው ብዬ ፈራሁ» አሏት። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ሐያት በራቸውን አላንኳኳችም። ኬክ ጋግረው ይልካሉ፤ አትነካውም።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። እኔ አውቅ ነበር። ያኔውኑ ደረጃው ላይ ነግረውኛል። ለማንም አላወራሁም፣ ላንቺም። በኋላ ልጅ የሚይዝልኝ ሳጣ ዝም ማለቴ ጠቀመኝ። እየዋለ እያደረ ደግሞ ወደድኳቸው። ይሄን ለሐያት እንዴት ብዬ ልንገራት?

ፍርሃታቸው አንዳንዴ ይገባኛል። እናትሽ ለፋሲካ በጉን ከነነፍሱ ይልኩልን ነበር፣ አባቴ እንዲያርደው። ሥጋችንን አይቀምሱም፣ ሥጋቸውን አንቀምስም። በዚያ ላይ ማንም ቀልዶ አያውቅም። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ግን ራስጌዬ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የራሱን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው አልልም። ግን የሺ፣ ሸዋበር መስጊድ ሚናራ አይኑረው ቢባል እናትሽ እጃቸውን ያወጡ ነበር? እዚህ ስደርስ ያመኛል። ሴትዮዋን ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም። አሥራ ምናምን ዓመት አብረን ቡና እየጠጣን!

እና... እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ። ሐያት አዛን ከስልኬ እንጂ ከሚናራ ሲወርድ አታስታውስም። ደሴን ያየችው በሦስት ዓመቷ ነው። በረንዳችሁ ላይ ሆነሽ ንጋት ላይ ቅጂልኝ። የሸዋበር አዛንና የመድኃኔ ዓለም ኪዳን አንድ ላይ የሚሰሙበትን ሰዓት ታውቂዋለሽ፣ ባጃጁ ሳይጀምር። በጠዋት መነሳት እንደማትወጂ አልጠፋኝም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ከአልጋሽ ጎትቼ ያወጣሁሽ ማን ሆነና፤ ዕዳሽን ክፈይ።

ሐያት ለክፍሏ ታሰማዋለች። እኔ ደግሞ ቡና አፍልቼ ሴትዮዋን ልጠራቸው አስቤያለሁ፣ እሷም ባለችበት። ያኔ የማውቀውንም እናገራለሁ። ይመጡ ይሆን? እሷስ ትቀመጥ ይሆን?

ውሻችሁ በመሀል ቢጮህ አትቁረጪው። እንዳለ ላኪልኝ።

ሰዓዳ