ለጣና ነቀዝ አርቡለት

ይድረስ፦ የጣና ሐይቅን እንዲጠብቅ አደራ ለተሰጠው የክልሉ ኤጀንሲ እና ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ነቀዝ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ጎተራ ነው። እናቶቻችን በቆሎውን ፀሐይ ላይ አስጥተው የሚያባርሩት ጠላት። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ግን ነቀዝ እንድታረቡ ነው። አልቀለድኩም።

ነገሩ የእምቦጭ ነው። ጣና ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቆቃና አዋሽ ላይ ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነበር፤ ያኔ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል ከረመ። እኔም አንድ ጊዜ ሄጄ ነቅያለሁ። ሥሩ ጭቃና ውሃ ይዞ ሲወጣ አንዱ እቅፍ እንደ ራሰ ፍራሽ ይከብዳል። ማታ ወገቤን ይዤ ተኛሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቦታው መልሶ ለመለመ።

ባይለመልም ነበር የሚገርመው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን ተክል ነው። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የተጀመረውን ዘመቻ አልንቅም፤ የሰው ላብ የፈሰሰበት ነው። ግን አበባው ፈክቶ ዘሩ ከረገፈ በኋላ መዝመት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው።

የምላችሁ ነቀዝ ኒዮኬቲና ይባላል። ሁለት ዓይነት አለው፤ መጠኑ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። አገሩም እንደ እምቦጩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ያደገው ነቀዝ የእምቦጩን ቅጠል ይፍቃል። እንቁላሉን ተክሉ ውስጥ ይጥላል። ትሉ ግንዱን እየሰረሰረ ወደ እምብርቱ ይወርዳል። በተሰረሰረው በኩል ውሃ ይገባል፤ ተክሉ ይበሰብስና ይሰምጣል። ሌላውን ሰብል ለቀቅ አድርጎ ይኼንን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ የለቀቀችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ኡጋንዳ በ1995 ጀመረች፤ ኬንያ በ1997 ተከተለቻት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አብዛኛው እምቦጭ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ሰሞኑ የኤል ኒኞ ዝናብና ማዕበልም ረድቷል።

«የማናውቀውን ነፍሳት አምጥተን ሌላ ጣጣ ብንገዛስ?» የሚል ሰው አለ። አልፈርድበትም። ሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1883 የሸንኮራ እርሻዋን ከአይጥ ያድንልኛል ብላ ሞንጉዝ የሚባል አውሬ አስገባች። አይጡ በሌሊት ይወጣል፤ ሞንጉዙ ግን የሚያድነው በቀን ነው። ብዙም አይገናኙም። እሱ የወፎቹን እንቁላል ለቅሞ በላ። ያ ሳይፈተሽ የተደረገ ነገር ነው። የዛሬው አሠራር ነፍሳቱን ዘግቶ፣ የአገሬውን ሰብልና ተክል አንድ በአንድ እያቀረበለት፣ ይበላ እንደሆን አይቶ ነው የሚለቅቀው።

ታሂቲ ደሴት ላይ የሆነውን ደግሞ እዩ። ሚኮኒያ የሚባል ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1937 ለውበቱ ተብሎ ገባ። እምቦጭንም በየአገሩ ያዞረው ያ ሐምራዊ አበባው አይደል? ሚኮኒያ ከደሴቲቱ ሁለት ሦስተኛውን ያዘ፤ በሰፊ ቅጠሉ ፀሐይ እየጋረደ ሥሩ ያለውን የአገሬውን ተክል አመነመነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ይኼንን ዛፍ ብቻ የሚያጠቃ ፈንገስ ለቀቁበት። ፈንገሱ ጫካውን አልጨረሰውም። ቅጠሉን በሳሳው፤ ብርሃን ወደ ታች ገባ፤ የአገሬው ችግኝ መልሶ በቀለ። እኔ ለጣና የምመኘው ይኼንኑ ያህል ነው። የደቅ፣ የዳጋና የክብራን ገዳማት ዛፋቸውን ስንት ዘመን ከመጥረቢያ ጠብቀው አቆይተዋል። እምቦጭን ግን በግዝት አይመልሱትም፤ በውሃ ላይ በነፋስ ተገፍቶ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። የአምቦ ተመራማሪዎች ለቅንጨ አረም ጥንዚዛ አርብተው ወለንጪቲ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቀዋል። ከኡጋንዳ የመጣው የእምቦጭ ነቀዝም ወንጂ ላይ ተሞክሯል። ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ። የጎደለው ባሕር ዳር ላይ ኩሬ ቆፍሮ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ በብዛት ማርባቱ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ከቪክቶሪያ ይቀዘቅዛል። ነቀዙ ቀስ ሊል ይችላል። በአንድ ክረምት ውጤት ካላየን ብላችሁ እንዳትተዉት። ደግሞ በተለቀቀበት ቦታ እምቦጩን ሙልጭ አድርጋችሁ አትንቀሉ፤ መድኃኒትም አትርጩ። ቤቱን አፍርሶ እንግዳ መጥራት ይሆናል። መገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ጥቂት ቦታ ተከልሎ ይተውለት። ጀልባ የሚያልፍበትንና ከብት የሚጠጣበትን እኛ በእጃችን እንነቅላለን።

ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ካልተገታ ግን ነቀዙም አይችለውም። ቪክቶሪያ ላይ እምቦጩ ተመልሶ የመጣው ምግቡን ስላላጣ ነው። ፍሳሹን በተመለከተ እኛ የባሕር ዳር ሰዎችም እጃችን ንጹሕ አይደለም።

ነቀዙ ከእንቁላል እስከ ትልቅ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ለመጪው ክረምት እንዲደርስ ማርባቱ በበጋው መጀመር አለበት። በዚህ ዓመት በጀታችሁ ውስጥ ይኼ ሥራ አለ ወይስ የለም? ካለ የት ቦታ ላይ ነው? መልሱን ለሁላችንም በግልጽ ብታሳውቁን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ