ሜዳው የማን ነበር?

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «እግር ኳስ ከጥንት ጀምሮ የድሃ ልጅ ጨዋታ ነው» ያልከኝን ሳስብ ሰነበትኩ። እኔ ግን ድሃው ታግሎ ያገኘው ነው እላለሁ።

በ1863 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ የእንግሊዝን የእግር ኳስ ማኅበር (ኤፍኤ) መሥርተው የጨዋታውን ሕግ የጻፉት አብዛኞቹ የተማሩ፣ ኑሮ የሞላላቸው ሰዎች ነበሩ። የኤፍኤ ዋንጫንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኢተን (የባለጸጋ ልጆች ትምህርት ቤት) ምሩቃን፣ የጦር መሐንዲሶች፣ የኦክስፎርድ ተማሪዎችና የመሳሰሉት ተቀባበሉት። ሠራተኛው ፍቅሩም ጉልበቱም ነበረው፤ ያጣው ጊዜ ነበር። የ1850 የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ሲያዝ፣ ያለ እነርሱ ሥራው አይሄድምና ወንዶቹም አብረው ወጡ። የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ልማድ ሥር የሰደደው በዚህ ነው።

በ1879 የዳርዌን ከተማ ክለብ ሠራተኞች ከሰሜን እንግሊዝ ለንደን ድረስ ሄደው ለዚሁ ዋንጫ ከኢተን ምሩቃን ጋር ተጋጠሙ። 5 ለ1 እየተመሩ 5 ለ5 አደረሱት! ተጋጣሚዎቻቸው ግን ጭማሪ ሰዓት አንጫወትም አሉ። ጨዋታው እንደገና ለንደን ላይ ሲደረግ የባቡሩን ወጪ የሸፈነው የከተማው ሕዝብ መዋጮ ነበር። በመጨረሻ ተሸነፉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የብላክበርን ኦሊምፒክ ክለብ ሸማኔዎችና ፈታዮች እነዚያኑ የኢተን ምሩቃን 2 ለ1 ረትተው ዋንጫውን ወሰዱ፤ የማሸነፊያዋን ጎል በጭማሪ ሰዓት ያስቆጠረው ጂሚ ኮስትሊ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ የገንዘቡ ነገር ነው። «ለኳስ ክፍያ መቀበል ነውር ነው» የሚሉት ደመወዝ ባያገኙ የማይራቡት ነበሩ። ለጨዋታ ብሎ ከሥራ የቀረ ሸማኔ ግን የቀኑን እንጀራ ያጣል። በ1884 የፕሬስተንን ክለብ ለተጫዋቾቹ ከፈለ ብለው ከዋንጫው ውድድር አስወጡት፤ በዓመቱ ክፍያው ተፈቀደ።

አንተ የምትወደው አርሰናል በ1886 የተመሠረተው በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው፤ ወንድምህ የሚደግፈው ማንቸስተር ዩናይትድም በባቡር ሠራተኞች። ሆኖም ክለቦቹ እየከበሩ ሲሄዱ አስተዳደሩን ባለሀብቶች ያዙት፤ ከ1901 ጀምሮ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደነገገ። መጠኑ ከፍ እያለ ቢሄድም ጣሪያው የተነሳው በ1961 ነው፤ ያውም ተጫዋቾቹ ሥራ እናቆማለን ብለው ካስፈራሩ በኋላ።

እናትህ ሰላም ብላሃለች።

አባትህ