ምጥ ላይ ያለች ሴት ብትሳደብ አትፍረዱባት

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ከተማችን ስለ ደሴ ወጣቶችና ስለ ስድብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሳደብ ሰው ሁሉ አሳዳጊ የበደለው ነው፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ይቀጣ ይላሉ። ንዴታቸው ይገባኛል። እኔም ከፒያሳ ተነስቼ ሰኞ ገበያ እስክደርስ የምሰማው አንገት ያስደፋል። ሁሉንም ስድብ አንድ ጆንያ ውስጥ መክተታቸው ግን አልተዋጠልኝም። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ 16 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለ ስድብ የማውቀውም በአብዛኛው እዚያ ያየሁትን ነው።

ምጥ የያዛት ሴት መጀመሪያ ማርያም ማርያም ትላለች፣ ወይም ያ አላህ ትላለች። እዚህ ወሎ ሁለቱንም አከታትላ የምትጠራም አጋጥማኛለች። ምጡ ሲጠናባት ግን ጸሎቱ ይቆምና ሌላው ይጀምራል። "ምናባቱ! እሱ እዚያ ውጭ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል!" "ሁለተኛ አጠገቤ ድርሽ ይበልና እግሩን ነው የምሰብረው!" ከዚህ የባሰም አለ፣ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም። ለኔም ይደርሰኛል፤ ከብት ተብያለሁ፣ ውሻ ተብያለሁ። ልጁ ወጥቶ ካለቀሰ በኋላ ያችው ሴት እጄን ይዛ "ሲስተር፣ አፉ በይኝ" ትለኛለች። አንድም ቀን ቂም ይዤ አላውቅም። አብሽሪ እላታለሁ፤ አብሽሪ ለማለት ደግሞ እኛ ጋ ሃይማኖት አይጠየቅም።

ሰው ሲያመው ለምን ይሳደባል እያልኩ ስጠይቅ ኖሬ መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። በፈረንጆቹ 2009 እንግሊዝ አገር፣ ኪል ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቻርድ ስቲቨንስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 67 ተማሪዎችን ሰብስበው እጃቸውን በረዶ ባቀዘቀዘው ውሃ ውስጥ አስነከሯቸው። አንዴ እየተሳደቡ፣ አንዴ ደግሞ ስለ ጠረጴዛ የሚነገር ተራ ቃል እየደጋገሙ። ሲሳደቡ ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉት። የልብ ምታቸው ጨመረ፣ ሕመሙም ቀለል አለን አሉ። በ2020 ደግሞ ስድብ የሚመስሉ አዳዲስ ቃላት ተፈጥረው ተሞከሩ። ቃላቱ ሰውን ፈገግ ቢያሰኙም ሕመሙን አላስታገሱም።

ይሄ እኔን አልገረመኝም። እናቶቻችን "አፍሽን በርበሬ እቀባልሻለሁ" ሲሉን ነው ቃሉ ጉልበት ያገኘው። በርበሬ ያልተቀባበት፣ ማንም ያልተቆነጠጠበት ቃል ከየት አምጥቶ ሕመም ያስረሳል? የእነስቲቨንስ ሌላ ጥናት፣ የ2011ዱ፣ በየቀኑ አዘውትሮ የሚሳደብ ሰው ከስድቡ የሚያገኘው ማስታገሻ አነስተኛ እንደሆነ ያሳያል። በየመንገዱ ሲረጨው የዋለ ሰው ለክፉ ቀኑ አይተርፈውም ማለት ነው።

ስትሮክ የመታው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በግራ በኩል ያለው አንጎላቸው ተጎድቶ የልጃቸውን ስም መጥራት የሚያቅታቸው አሉ፤ ስድብ ግን ጥርት ብሎ ይወጣቸዋል። ጸሎትና ቁጥርም እንደዚሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት ውሃ ለማለት አፋቸው እየታሰረ "ምናባክ" ይሉ ነበር፣ "አልሐምዱሊላህ"ም ይሉ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ልጆቻቸው በኀፍረት መግቢያ ያጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን አንቱ ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸውን ባለጌ ማለት ይቻላል?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በሠራሁበት በአንድ ቦታ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ምጥ ይዟት ስትጮህ ከኔ የምትበልጥ ባልደረባዬ "ያኔ ደስ ሲልሽ አልጮህሽም፣ አሁን ምን ያስጮህሻል? ባላገር!" አለቻት። ልጅቷ ጸጥ አለች። የመጀመሪያ ልጇ ነበር፤ ዕድሜዋ ከ19 አይበልጥም። ፎጣዋን ነክሳ ግድግዳውን ታያለች። የሕፃኑ ጭንቅላት ሲመጣ እንኳ አልጠራችንም፣ እኔ በአጋጣሚ ዞር ስል ነው ያየሁት። ሁለቱም ተረፉ፣ አምላክ ይመስገን። እኔ ግን ያን ቀን ምንም አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባልደረባዬ ብልግና የሚባል ቃል አንድም አልወጣትም፤ ጋዜጣ ላይ የጻፍኩት ቃል በቃል ያለችውን ነው። ጸሐፊው በሚሉት መንገድ ከሄድን የምትቀጣው ባሏን ስትረግም የምትሰማዋ ሴት ናት፣ ባልደረባዬ በነፃ ትሄዳለች።

ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከወረኢሉ ሪፈር ተጽፎላት፣ ሌሊት በመኪና ተንገላትታ ደሴ የደረሰች እናት ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው ምን ብላ ትመልሳለች? ሕይወቷ እጃችን ላይ ነው። "ባላገር" የሚለው ቃል ብቻውን ስድብ አይደለም፣ የአገር ሰው ማለት ነው። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት እያሉ ማዋረድ እንዲቀር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ሰውን በሙያው፣ በመጣበት፣ በአካሉ መስደብ ግን እንዳለ አለ፤ እሱ ሲሰማ ደግሞ ከ"ምናባቱ" ያነሰ ነው የምንደነግጠው።

ስለ "ምናባቱ" ካነሳሁ፣ እኔ እሱን እንደ ብልግና አልቆጥረውም። መብራት ሲጠፋ፣ ጣት በር ላይ ሲቀረቀር፣ የአዳር ተረኛ ሆነን ነግቶ ስንወጣ እኛም እንለዋለን። ጓደኛሞች ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወቱ አንተ አህያ ቢባባሉ የፍቅር ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል። ያው ቃል ካፌ ውስጥ ሻይ ለምታቀርብ ልጅ ሲወረወር ግን ሌላ ነው። እሷ መልስ ከሰጠች ከሥራ ትባረራለች።

ሚኒባስም እንደዚያው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሾፌሩና ረዳቱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ እየተሰዳደቡ፣ አንዳንዴ በእናት በአባት እየተጣጣሉ ይወርዳሉ። ከኋላቸው አሮጊት አለች፣ ሕፃን ያቀፈች አለች። ውረዱ አይባሉም፣ ቁልቁለት ነው፤ ጆሯቸውን ይዘው የት ይሄዳሉ? ለሁለቱ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ለተቀመጠው ሰው ግን ሒሳብ ከፍሎ የሚጋተው ነገር ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔም አንድ ቀን ረዳቱን "የኔ ልጅ፣ እባክህ፣ እዚህ እናቶች አሉ" አልኩት። አፍሮ ዝም አለ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስም ዕቃዬን አወረደልኝ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ከሰፈር ልጆች የሰማትን፣ እናት ያለችበትን ያችን ስድብ ይዞ ገባና እኔው ፊት ታናሹን ሰደበበት። ያችው እናት የታናሹም የራሱም መሆኗ አልታየውም። እኛ "እናቴ ትሙት" ብለን የምንምል ሰዎች ነን፤ ከሁሉ የከፋው ስድባችንም ያረፈው እዚያው እናት ላይ ነው። ትርጉሙን ቁጭ አድርጌ በግልጽ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። በርበሬ አልቀባሁትም። ማታ ላይ መጥቶ "እማ፣ እኔ እንደዛ ማለቴ አልነበረም" አለኝ። እስካሁን አልደገመውም። ደብቆ እያለው እንደሆነም አላውቅም፣ ግን ምን እንደሚል አሁን ያውቃል።

ቅጣት ካልቀረ በእኛ ይጀመር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሰውን መስደብ ያስቀጣል፣ አዲስ ሕግ አያስፈልገንም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚሰድበው፣ ጋውን ለብሳ ወላድ የምታሸማቅቀው፣ ጠመኔ ይዞ ተማሪን ደንቆሮ የሚለው ይጠየቅ። ምጥ ላይ ያለችው ግን የፈለገችውን ትበል፣ እኔን ጨምሮ ማንንም ትሳደብ፤ ብቻ ዝም አትበልብን።

አክባሪያችሁ፣
አዋላጅ ነርስ፣ ከደሴ