ሰነፍም እብድም ያልሆነው ጎረቤቴ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን ባወጣችሁት አንድ አስተያየት ላይ «ፈጣሪን የማይፈራ ሰው እንዴት ይታመናል?» የሚል ነገር አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሐፊውን አልወቅስም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

የተወለድኩት ቢቸና አካባቢ ነው። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ነው የተማርኩት። በግእዙ ዳዊት 13ኛው መዝሙር «አምላክ የለም» የሚለውን ሰውዬ «አብድ» ይለዋል። ሞኝ፣ ጅል ማለት ነው። የእኔ ጆሮ ግን «እብድ» ብሎ ያዘው። ኋላ የአማርኛውን ስገልጥ 14ኛው ላይ «ሰነፍ» ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ላይ ሽማግሌዎቻችን የደርግን ካድሬ ሲያነሱ «እምነት የለሽ» ሳይሉ አያልፉም። እብድ፣ ሰነፍ፣ ካድሬ። ኢአማኒ ለእኔ የሦስቱ ድምር ነበር።

ቅኔ ቤት ስገባ ግን አንድ ነገር ግር አለኝ። እዚያ ከፈጣሪ ጋር መሟገት ይቻላል። ሰምና ወርቁ ይግጠም እንጂ፣ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብትለው «ይበል!» ትባላለህ። ያንኑ ጥያቄ አንድ ማታ ጎጇችን ውስጥ በተራ አማርኛ ባነሳው ጓደኞቼ አማተቡብኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እምነት ነው ብዬ ስንት ዓመት ይዤው ኖርኩ።

አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ጎረቤቴ ኢአማኒ ነው። አይደብቅም፣ አይሰብክም። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ሲሆን «በምን ሊምል ነው?» ብዬ ተቃውሜ ነበር። አምና ሒሳብ ሲመረመር ደረሰኝ የሌለው 600 ብር ወጪ ተገኘ። ማን ወሰደው ተባለ። ወንጌል መጣ። (ደብተር ከማገላበጥ መማል ይቀለናል።) እኔ ቀድሜ፣ እጄን ዘርግቼ ማልኩ። የእሱ ተራ ሲደርስ «እኔ አልምልም፣ ደብተሩን እዩት» አለ።

ባለካሬ ደብተር ነው፤ ጠርዙ ተልጧል፣ ሽሮ የነካው ገጽም አለው። ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን ቀንና ፊርማ አለ። «ለድንኳን ማሰፊያ፣ 600 ብር» የሚለው ጎን ያለው ፊርማ የእኔ ነበር። ድንኳኑን አሰፍቻለሁ፤ ደረሰኙ ኮቴ ኪስ ውስጥ ቀርቶ እኔም ረስቼዋለሁ። ሰውዬው አንድ ቃል አልተናገረኝም። መስመሩን በጣቱ አሳየኝና ደብተሩን ዘጋ።

እናቴ ያረፈች ዕለትም ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጽሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠብቆናል።

የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ መስፈሩን አውቃለሁ። አንቀጽ ግን ዕድር ላይ ቁጭ ብሎ አይሟገትልህም። እንደ እኔ ያለ ነው እዚያ የሚቀመጠው። እኔ ዛሬም እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ከማምነው ውስጥ የቱን መርምሬ፣ የቱን አማትበውብኝ ፈርቼ እንደያዝኩት ግን ገና እየለየሁ ነው።

ባለፈው ቡና ላይ የመዝሙሩን ነገር ነገርኩት። ሳቀ። «እብዱስ ይሁን» አለኝ፤ «ሰነፍ ግን ለምን? ያንን ድንኳን ስንቴ ነው ብቻዬን የተከልኩት፣ አንተ መሪጌታ?»

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ